ለዳገታማ መሬታችን ምን ዓይነት የእርሻ መሣሪያ ይበጃል?

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ «ለአገራችን እርሻ የሚበጀው በሬ ነው ወይስ ትራክተር?» የሚል ርእስ ተሰጥቶን በሁለት ወገን ተከራክረን ነበር። እኔም ከትራክተሩ ወገን ቆሜ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ጉልበቱና ስለ ሠለጠኑት አገሮች እርሻ የቻልሁትን ያህል ተናገርሁ። ጭብጨባው ወደ እኛ ስላደላ አሸነፋችሁ ተባልን፤ እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን በጥር ወር ለዕረፍት ወደ አያቴ አገር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ወዳለው ደጋ ሄጄ ያንኑ ንግግር ለአያቴ ደገምሁላቸው። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳምጠው፣ እጃቸውን ወደ ማሳቸው ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ትራክተሩስ መምጣቱን ይምጣ፤ ግን የት ላይ ይዞራል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቼ የምሰጠው መልስ ነው።

በእኔ አሳብ የክርክሩ ርእስ ራሱ ጎዶሎ ነበር። በበሬና በትልቁ ትራክተር መካከል ሌላ መንገድ አለ። ይኸውም ሁለት ሦስት ሰው ተጋግዞ ዳገት የሚያወጣው፣ አፈሩን ለጎርፍ የማይሰጥ፣ ሲሰበርም በቅርብ ያለ ባለ እጅ ሊጠግነው የሚችል ትንሽ መሣሪያ ነው። የመሣሪያውም ሥራ ከማረስ ሳይሆን ከመውቃት ቢጀምር ይሻላል እላለሁ። ምክንያቴን ቀጥዬ አስረዳለሁ።

እንደሚታወቀው ከሕዝባችን የሚበዛው ክፍል የሚኖረው በደጋውና በወይና ደጋው ነው። በዚያም አገር ያለው የአንድ ቤተ ሰብ እርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር ብዙ አይበልጥም፤ ያውም ቢሆን በአንድ ስፍራ የተገኘ አይደለም። የአያቴ መሬት አራት ጥማድ ያህል ሲሆን አንዱ ከቤታቸው ጓሮ፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ ሁለቱ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ላይ ናቸው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በሄክታር ቢሰላ ሩብ ያህል ይሆናል። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ የእግር መንገድ ነው። በአንዳንድ ስፍራም ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

ለዚህ ዓይነት አገር አባቶቻችን ያበጁት ማረሻ እጅግ የሚደነቅ ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩና እርፉ ከአገር እንጨት ይጠረባሉ፤ ብረት የሚያስፈልገው ለማረሻውና ለወገሉ ብቻ ነው። ገበሬው ሥራውን ሲጨርስ በትከሻው ተሸክሞት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከተሰበረበትም በማግሥቱ ጠግኖት ያርስበታል። ስለዚህ ማረሻን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያዩት ሰዎች ነገሩን በደንብ ያልመረመሩት ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ጉድለት የለውም ለማለት አይቻልም። ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገለብጥም፤ በሁለት ትልሞች መካከልም ያልታረሰ ቦታ ይቀራል። ያንን ለመድረስ ገበሬው ሁለተኛ ጊዜ በአግድም ማረስ ግድ ይሆንበታል። ለጤፍ ሲሆንማ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጊዜ እስከ ማረስ ይደርሳል። ሜዳ ላይ ይህ ድካም ብቻ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ጉዳት ነው። አንደኛው እርሻ ተዳፋቱን ተከትሎ በአግድም ቢሄድ እንኳ ሁለተኛው ወደ ታች ይወርዳል፤ ትልሙም በሐምሌና በነሐሴ ለዝናቡ የተዘጋጀ ቦይ ይሆናል። በክረምት ወንዞቻችን ቀይና ጥቁር ሆነው ሲወርዱ የምናየው ያው የገዛ ማሳችን አፈር ነው።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን ጥፋቱ የበሬው አለመሆኑን ነው፤ ጥፋቱ መሬቱን መደጋገሙ ነው። ዳገት ላይ መሬትን ይበልጥ የሚፈጭ፣ ይበልጥም የሚያፈጥን መሣሪያ ብናመጣ ጥፋቱን እናፈጥነዋለን እንጂ አናስቀረውም።

ሁለተኛው ችግር የበሬ እጦት ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ በተራ ያርሳል። ምንም በሬ የሌለው ግን ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ወይ በጉልበቱ ይከፍላል። የአያቴ ጎረቤት የሆኑ አንዲት ባልቴት አሉ። የእርሳቸው ማሳ የሚታረሰው በሬ ያላቸው ሰዎች የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ ስለ ሆነ ዘራቸው ሁልጊዜ የዘገየ ነው። ልጃቸው በልጅነታችን አብሮኝ ይጫወት የነበረ፣ በሒሳብም ከእኔ የሚበልጥ ልጅ ነበር። ዛሬ ግን ለአንድ ቀን በሬ የሁለት ቀን ጉልበቱን እየሰጠ ስለሚውል ትምህርቱን ካቋረጠ ቆይቷል። ስለ እርሻ መሣሪያ በምንከራከርበት ጊዜ ስለ ብረት ብቻ የምንከራከር ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን የምንከራከረው ስለ እንደዚህ ያለ ልጅም ጭምር ነው።

ታዲያ ትልቁ ትራክተር ለምን አይሆንም? የአያቴ ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ሰጥቶናል፤ የሚዞርበት ስፍራ የለም። በተዳፋት ላይ በአግድም ሲሄድ የመገልበጥ አደጋ አለበት። ከዚህም በቀር ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ተራ ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በወደብ 7 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ሲደርስ 5 ብቻ ይሆናል። መሣሪያ የሚገዙልን ሰዎች ይህን ሳያሰሉ ቢገዙ ገበሬው «ሰነፍ ሞተር ሰጡን» ብሎ ይተወዋል።

ትራክተር በሜዳ ላይ የሚሰጠውን ጥቅም ግን አልክድም። በአርሲና በባሌ የስንዴ ሜዳዎች ኮምባይነር የሚሠራውን ሥራ ማንም ያውቀዋል። ሆኖም የአርሲ ታሪክ ራሱ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ሲቋቋም ዓላማው ትንንሾቹን ገበሬዎች መርዳት ነበር። ነገር ግን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እርሻን ትርፋማ ባደረጉት ጊዜ አያሌ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። ጭሰኝነት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀርቷል፤ ትምህርቱ ግን አልቀረም። መሣሪያ ለማን እንደሚመጣ አስቀድሞ ካልታሰበ የመጣለትን ሰው ሊያፈናቅል ይችላል።

ትንንሽ መሣሪያዎች በሌሎች ተራራማ አገሮች ምን እንደ ሠሩ ብንመለከት ደግሞ ተስፋ እናገኛለን። የስዊስና የሰሜን ኢጣልያ ገበሬዎች በአልፕስ ተራሮች ላይ ሣር የሚያጭዱት ሰው ከኋላው ቆሞ በሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ነው። ጃፓኖችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትንንሾቹን የሩዝ ማሳዎቻቸውን ያረሱት በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነበር። በኔፓል ኮረብታዎች ደግሞ ከዚያም ያነሱ፣ በጥቂት ሰዎች ሸክም ከእርከን ወደ እርከን የሚሻገሩ የእርሻ ሞተሮች በሥራ ላይ ናቸው። ወደ እኛም አገር ቢሆን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርን ለትንንሽ ገበሬዎች ለመሞከር በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያና በዚምባብዌ አንድ የምርምር ሥራ ተጀምሮ ነበር። የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማእከልም የመውቂያና የመዝሪያ መሣሪያዎችን ሲያበጅ ቆይቷል። ዶክተር መለሰ ተመስገን ያወጡት አይባር የተባለው መሣሪያ ከነባሩ ማረሻ ጋር የሚሠራ ሲሆን በጥቁር አፈር ላይ የሚተኛውን ውሃ ያጠፈጥፋል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ገበሬውን የሚያውቀውን ጣል ብሎ አያዘውም፤ በሚያውቀው ላይ ይጨምርለታል እንጂ።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ለምን ከማረስ አንጀምር የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ምክንያቴ ከላይ የተናገርሁት ነው። በፍጥነት በሚሽከረከር ምላጭ ተዳፋትን መፍጨት አፈሩን ለጎርፍ አሳልፎ መስጠት ነው። እርከን በሚገባ ተሠርቶ፣ ትልሙም ተዳፋቱን በአግድም ተከትሎ ካልሆነ በቀር ትንሹም ሞተር እንደ ትልቁ ይጎዳል። እርከን በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍታ ባለው የድንጋይ ካብ ተራራውን ደረጃ በደረጃ አድርጎ ሲያርስ ኖሯል፤ ይህም ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እርከን፣ ከዚያም ሞተር መሆን አለበት፤ ሞተር ቀድሞ እርከን የሚከተል ከሆነ ግን እርከን የሚሠራበት አፈር አይገኝም።

እስከዚያው ድረስ አውድማው አለ። በጥር ወር የአያቴን ገብስ ስንወቃ ከልብ ተመለከትሁት። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ነዶው ይበተናል፤ በሬዎቹም ከጧት እስከ ማታ ሲዞሩበት ይውላሉ። ከዚያ በመንሽ እየተበተነ ነፋስ ይጠበቃል። ነፋስ ካልመጣ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ከመጣም በላይዳ እየተዘራ እህሉ ከገለባው ይለያል። ከእህሉ ከፊሉ ከመሬቱ ጋር ይረገጣል፤ ከፊሉ ጠጠርና እበት ይቀላቀለዋል። ያልታሰበ ዝናብ የጣለ እንደ ሆነ ደግሞ የዓመቱ ድካም በአንድ ሌሊት ይበሰብሳል። በሬ የሌላቸው ባልቴትማ እዚህም ተራ ይጠብቃሉ፤ ነዷቸው ተከምሮ ከአይጥ ጋር ይሰነብታል።

ትንሽ የመውቂያ መሣሪያ ይህን የብዙ ቀን ሥራ በእጅጉ ያሳጥረዋል። አፈር አይነካም። ጉልበቱም ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። ሞተሩና ከበሮው ተለያይተው በሰው ወይም በአህያ ሊጓዙ እንዲችሉ ሆኖ ቢሠራ ከመንደር መንደር ይዞራል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ አያቴ «የት ላይ ይዞራል?» ላሉኝ መልሱ በአውድማው ተገኘ። አንድ ስፍራ ተተክሎ የሚሠራ ሞተር መዞሪያ ሜዳ አያስፈልገውም። ያው ሞተር ደግሞ መውቃቱ ሲያልቅ በበጋ ከምንጭ ውሃ ይስባል።

ዳገትም ቢሆን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። በኔፓል ተራሮች በሁለት የሽቦ ገመዶች ላይ ሁለት ሳጥኖች ይንጠለጠላሉ፤ ከላይ የሚወርደው የከበደ ጭነት ከታች ያለውን የቀለለ ጭነት ይዞት ይወጣል፤ ነዳጅም ሞተርም አይፈልግም። እኛም በውሃ መውረድ የሚዞረውን የውሃ ወፍጮ እናውቃለን። የሚወርድ ነገር ሁሉ ጉልበት አለው። ድንቹንና ገብሱን በጀርባ አዝሎ ወደ መኪና መንገድ የሚያደርስ ሰው ይህን ቢሰማ የሚጠቅመው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአያቴ መንደር ገበሬዎች አንድ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር በርዳታ ተሰጥቶ ነበር። የተመረቀ ዕለት ብዙ ንግግር ተደረገ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። አንድ ዓመት ያህል ሠራ። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ አንድ ብረት ተሰበረ፤ ቀጥሎም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ቺንጊያ ተበጠሰ። ዛሬ ከአንድ ዳስ ሥር ቆሞ ዶሮ ያድርበታል። ስለ ቺንጊያው የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «የሕዝብ ነው» አለኝ። የሁሉ ነው ማለት ግን የማንም አይደለም ማለት ሆኖ አገኘሁት።

የተሰበረውን ብረት ግን የሠራው አንድ ሰው ነበረ። እርሱም የመንደሩ ቀጥቃጭ ነው። ወናፉን እያናፋ፣ የድሮ መኪና ብረት አግሎ፣ ልኩን በክር እየለካ አንድ ቀን ሙሉ ደክሞ ልክ አድርጎ አገባው፤ ቺንጊያው እስኪበጠስ ድረስም ሞተሩ የሠራው በእርሱ ብረት ነው። ሥራውን በፈጸመ ጊዜ ለሁላችንም ቡና ተፈላ። ለእርሱ ግን ሲኒው የወጣለት ወደ ደጅ ነበር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ስለሚባል ወደ ቤት ግባ ያለው ሰው የለም። እኔም ከውስጥ ተቀምጬ ቡናዬን ጠጣሁ፤ አንዲት ቃል አልተናገርሁም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሞተር ከውጭ አገር እናስመጣለን፤ ሞተሩን በሕይወት የሚያኖረውን ሰው ግን ከደጅ እናስቀምጠዋለን። በእኔ እምነት መሣሪያ በዳገታችን ላይ የማይበረክተው ዳገቱ ስለ ገፋው ብቻ አይደለም፤ እኛ ጠጋኙን ስለ ገፋነው ጭምር ነው። በክፍላችንም ቢሆን «ወደ ሙያ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» ያለ ተማሪ ፈተና እንደ ወደቀ ሰው ይታዘንለታል። ይህ ያው የቡናው ሲኒ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ መሣሪያው ባለቤት ይኑረው። አንዳንድ ሰዎች የገበሬው ገንዘብ አይችለውም ይላሉ፤ ለአንድ ገበሬ እውነት ነው። ነገር ግን እድራችን ድንኳን፣ ብረት ድስትና ወንበር ገዝቶ፣ ዕቃ ጠባቂ ሹሞ፣ የጠፋውንና የተሰበረውን እያስከፈለ ለስንት ዓመት ሲያስተዳድር ኖሯል። ለኀዘን ድንኳን መግዛት የቻለ ማኅበር ለእንጀራው መውቂያ መግዛት እንዴት ያቅተዋል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የአባላቱ በቅድሚያ፣ የሌሎችም በኪራይ ቢወቃበት የነዳጁና የመለዋወጫው ወጪ ከዚያው ሊሸፈን ይችላል፤ ተራውም በዕጣ ቢሆን ባልቴቷ በሬ ስለሌላቸው መጨረሻ አይሆኑም።

ሁለተኛ፤ በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ ሆነው እንዲገቡ መፍቀዱ መልካም ነገር ነው። ሆኖም ከወደብ የቀለለ ዋጋ ብቻውን ገበሬውን አይጠቅመውም። ማንኛውም መሣሪያ ወደ ገጠር ከመላኩ በፊት ቺንጊያው፣ ካንዴላውና ቡሎኑ በአቅራቢያው ባለው የገበያ ከተማ የሚሸጥ መሆኑ ይረጋገጥ። የመንደሩ ቀጥቃጭም መሣሪያው በመጣ ዕለት ይጠራ፤ ሲፈታና ሲገጠም ይመልከት፤ ለሚጠግነውም ይከፈለው።

ሦስተኛ፤ ትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ትምህርት ያስተምረናል። ስለ ጉልበት፣ ስለ ፍትጊያና ስለ ተዳፋት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ሒሳብ ሠርተናል። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱልን ከዳሱ ሥር እንደ ቆመው ያለ አንድ የተበላሸ ሞተር ተፈልጎ ቢመጣልንና በክበብ ሆነን ፈትተን ብንገጥመው፣ አንድ ቀን ደግሞ አንድ ቀጥቃጭ እንደ መምህር ተጋብዞ ብረት እንዴት እንደሚጠና ቢያሳየን እጅግ የምንማር ይመስለኛል። ወላጆቻችንንም የምለምነው ልጃቸው እጁን ዘይት አስነክቶ ወደ ቤት ቢመጣ እንዳያዝኑ ነው።

በመጨረሻ የሚነሣውን አንድ ተቃውሞ ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። ዳገት ለዛፍ እንጂ ለእርሻ አይሆንም፤ ሰዉ ወደ ሜዳ ይውረድ የሚሉ አሉ። እጅግ የቆመው ገደል ለዛፍ መተው እንዳለበት እኔም እስማማለሁ፤ አያቴም ከአፋፉ ካሉት ከሁለቱ ማሳቸው በአንዱ ጠርዝ ላይ ዛፍ ተክለዋል። ነገር ግን በደጋው የሚኖረውን ያን ሁሉ ሕዝብ የሚቀበል ባዶ ሜዳ የት ይገኛል? ስለዚህ አብዛኛው ሰው ባለበት ይኖራል፤ በሚኖርበትም ስፍራ አፈሩን ጠብቆ፣ ድካሙን ቀንሶ እንዲኖር ማሰብ የእኛ የተማሪዎቹ ፋንታ ነው።

ክርክሩ እንደ ገና ቢደረግና አንዱን ወገን ምረጡ ብባል ከበሬውም ከትራክተሩም አልቆምም። ከአውድማው ሞተርና ከቀጥቃጩ ወገን እቆማለሁ። ምናልባት ጭብጨባው ያነሰ ይሆን ይሆናል። ለፋሲካ ወደ አያቴ ስሄድ ግን መልሴን ይዤላቸው እሄዳለሁ። ቀጥቃጩንም ቡና ከአያቴ ቤት ውስጥ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጦ እንዲጠጣ እለምነዋለሁ። አያቴን አስቀድሜ ማስፈቀድ ይኖርብኛል፤ ከክርክሩ ሁሉ የሚከብደኝም ይኸው ነው።